ምዕራፍ 7፦ ቀድሞ የሚያረጀው ክፍል

ኦክቶበር 23 ቀን 2001 (እንደ ሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ እዚህም ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፖድ ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ ሁለት ቁጥሮች አብረው ተነገሩ። አንደኛው 1000 ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው 10 ሰዓት። 184 ግራም የሚመዝነው ይህ መሣሪያ 5 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ነበረው፤ ባለፈው ምዕራፍ ያየነው የኤምፒ3 መጭመቂያ ዘዴ ነው ያን ቦታ ለ1000 ዘፈን ያበቃው። ባትሪው ደግሞ አንዴ ከሞላ 10 ሰዓት ያጫውታል ተባለ።

ከሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው እስከ ዛሬ አልተነካም። ያ አይፖድ ሃርድ ዲስኩ ካልተበላሸ በቀር አሁንም 1000 ዘፈን ይይዛል። 10 ሰዓቱ ግን መሣሪያው ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መቀነስ ይዟል። ባለቤቱ እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቀው ይቀንሳል፤ ሳይነካው መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠውም ይቀንሳል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚያረጅና የማያረጅ ክፍል በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲታሸጉ፣ ዕቃው የሚኖረው የሚያረጀው ክፍል የኖረውን ያህል ነው። ባትሪው ለምን እንደሚያረጅ ከገባን፣ ዕድሜው እንዴት እንደሚራዘም፣ መቼ መቀየር እንዳለበትና ብዙ ደህና መሣሪያ ለምን ያለ ጊዜው እንደተጣለ መረዳት አይከብድም።

ባትሪ ድንጋይ በነበረበት ዘመን

ሶኒ ዎክማንን በጃፓን ገበያ ላይ ያዋለው በጁላይ 1979 ነው። የሚሠራው በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋዮች ነበር፤ ዛሬ በግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት። ባትሪው ሲደክም ካሴቱ ይጎተታል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ሙዚቃው ሁሉ ከቃናው ይወርዳል። ያኔ ክዳኑን ከፍቶ አሮጌዎቹን ማውጣት፣ ከሱቅ ሁለት አዳዲስ ገዝቶ መጨመር ነው። ካቻቪቴም ባለሙያም አያስፈልግም። ባትሪ አለቀበት ብሎ ዎክማኑን የሚጥል ሰው አልነበረም።

ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ፣ በብዙ ቤት እንደሚደረገው፣ ባትሪ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ራዲዮኑ ወይም ቴፑ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ይህ ከንቱ እምነት አይደለም። ባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በሆዱ ውስጥ በሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ሙቀት ኬሚካዊ ለውጥን ያፈጥናል፤ ስለዚህ ሊያልቅ የተቃረበው ባትሪ የቀረችውን ጉልበት አሟጦ ይሰጣል። አዲስ ጉልበት ግን አልተጨመረለትም። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ። ሙቀት ኬሚካዊ ለውጥን ያፈጥናል የሚለው ሐቅ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ግን የሚመጣው ለጉዳት ነው።

ከመጀመሪያዎቹ የኤምፒ3 ማጫወቻዎች አንዳንዶቹም ባትሪ ድንጋይ ይጠቀሙ ነበር። በ1998 የወጣው ሪዮ ፒኤምፒ300 በአንድ ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ነገር ግን የያዘው 32 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህም የግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ማለት ነው። ሺህ ዘፈን መያዝ ሃርድ ዲስክን ጠየቀ፤ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሞተር አለው፤ ሞተር ደግሞ ጉልበት ይበላል። መሣሪያው ኪስ ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ ደግሞ ባትሪው ቀላልና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። መልሱ ሊቲየም ሆነ።

ሊቲየም ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሰጥ፣ አንድ የሊቲየም አዮን ባትሪ በአማካይ 3.7 ቮልት ይሰጣል፤ ያውም ተመልሶ ይሞላል። ይህን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው በ1991 ሶኒ ነው። መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉድኢናፍና አኪራ ዮሺኖ፣ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል። ጉድኢናፍ ያኔ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ከእርሳቸው በፊት በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተሸለመ ሰው የለም።

ሁለት ጎንና አንድ መንገደኛ

የአይፖድን ባትሪ ውስጥ ብናይ ሁለት ጎኖች እናገኛለን። ኔጋቲቩ ጎን ግራፋይት ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር። ፖዘቲቩ ጎን የኮባልትና የኦክስጅን ውሕድ ነው። በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ሥራው የሊቲየም ቅንጣቶችን ወዲያና ወዲህ ማሻገር ነው።

ባትሪው ሙሉ በሆነ ጊዜ ሊቲየሙ በግራፋይቱ ንብርብሮች መካከል ገብቶ ተቀምጧል። ዘፈን ሲከፈት ከዚያ ይወጣና በፈሳሹ በኩል ወደ ኮባልቱ ጎን ይሻገራል። አንዲት የሊቲየም ቅንጣት በውስጥ በተሻገረች ቁጥር አንድ ኤሌክትሮን በውጭ በኩል፣ በሽቦው ዞሮ እዚያው ይደርሳል። በምዕራፍ 2 የኤሌክትሪክ ኃይል የኤሌክትሮኖች ጉዞ ነው ብለን ነበር። ሃርድ ዲስኩን የሚያሽከረክረው፣ ጆሮ ማዳመጫውን የሚያንቀጠቅጠው ይህ በሽቦ የሚዞረው ጉዞ ነው። ቻርጅ ስናደርግ ሁሉም ነገር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ይመለሳል።

በዚህ አካሄድ የሚቃጠል የለም፤ የሚተንም የለም። አንዱ ጎን የሰጠውን ሌላው ይቀበላል። ታዲያ ጉዞው ይህን ያህል ንጹሕ ከሆነ ባትሪው ለዘላለም መኖር አልነበረበትም?

እንደ ጀበና መሟሸት

አዲስ ጀበና ከገበያ እንደመጣ ቡና አይቀዳበትም። መጀመሪያ ይሟሻል። አተላ እየተጨመረ ደጋግሞ ይፈላበታል፤ የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ውስጡ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ያልተሟሸ ጀበና ያፈስሳል፣ ቡናውንም አፈር አፈር ያሰኘዋል።

የሊቲየም ባትሪም ይሟሻል። ፋብሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ግራፋይቱን ሲነካ አንድ ኬሚካዊ ለውጥ ይፈጠርና የግራፋይቱን ገጽ ከፀጉር በሺህ ጊዜ የሚቀጥን ሽፋን ያለብሰዋል። ይህ ሽፋን ሊቲየምን ያሳልፋል፣ ፈሳሹን ግን ያግዳል። እርሱ ባይኖር ፈሳሹና ግራፋይቱ እርስ በርስ ሲበላሉ ባትሪው በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለቀ ነበር። (ስልክም ሆነ ማጫወቻ ስንገዛ «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርጉት» የሚለውን ምክር ሰምተናል። ማሟሸቱ ከመሸጡ በፊት ፋብሪካው ውስጥ አልቋል፤ ለገዢው የተረፈ ሥራ የለም።)

ችግሩ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ስንጠይቅ ይገለጣል። የተሠራው ከራሱ ከባትሪው ሊቲየም ነው። በሽፋኑ ውስጥ የታሰረ ሊቲየም ከእንግዲህ አይሻገርም፤ በጀበናው ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ቡና እንደማይጠጣ ሁሉ። ለመጀመሪያው ማሟሸት ብቻ ከጠቅላላው ሊቲየም ወደ ዐሥር በመቶ ገደማ ይወጣል። ሠሪዎቹ ይህን ቀድመው ስለሚያስቡበት ባትሪው ላይ በተጻፈው መጠን ውስጥ አይቆጠርም።

ይህ አንድ ጊዜ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ግራፋይት ሊቲየም ሲገባበት በትንሹ ያብጣል፣ ሲወጣበት ይሟሽሻል። ቻርጅ በተደረገና በተጫወተ ቁጥር ሲያብጥና ሲሟሽሽ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል ፈሳሹ ባዶ ግራፋይት ያገኛል፤ እንደገና ይሟሻል፤ እንደገና ጥቂት ሊቲየም ይታሰራል። ለዓመታት ያገለገለ ጀበና ያስቡ፤ አተላው በአተላ ላይ እየደረቀ የውስጥ ግድግዳው ወፍሯል። ድሮ ዐሥር ሲኒ ይሞላ የነበረው አሁን ስምንት ብቻ ይሞላል። አንገቱም ስለጠበበ ቡናው እንደ ልብ አይወርድም። ከውጭ ሲያዩት ጀበናው ያው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉና። አንደኛው ባትሪው የሚይዘው መጠን መቀነሱ ነው፤ ይህ የሲኒው ቁጥር ነው። ሁለተኛው የያዘውንም ቢሆን በፍጥነት መስጠት አለመቻሉ ነው፤ ይህ የአንገቱ መጥበብ ነው። ባለሙያዎች ይህን ሁለተኛውን የውስጥ ተቃውሞ ይሉታል። በኮባልቱ ጎንም መሰነጣጠቅና መዳከም ይኖራል፤ ውጤቱ ግን ከእነዚሁ ከሁለቱ ስለማይወጣ እዚያ ላይ አንቆይም።

ግማሽ እያሳየ ለምን ይጠፋል?

የአንገቱ መጥበብ በአሮጌ አይፖድ ላይ ጎልቶ የሚታይበት አንድ አጋጣሚ አለ። ማያው ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ግማሽ ያሳያል። ሦስት አራት ዘፈን በሰላም ይሄዳል። ከዚያ በድንገት፣ አንድ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ወይም ባለቤቱ ሌላ አልበም ሲመርጥ፣ መሣሪያው ድርግም ይላል። መልሰው ሲከፍቱት ይነሳል፤ ባትሪውም አሁንም ግማሽ ነው ይላል።

ምክንያቱ ሃርድ ዲስኩ ነው። የመጀመሪያው አይፖድ ሠሪዎች ሃርድ ዲስኩ ሳያቋርጥ ቢሽከረከር ባትሪው 10 ሰዓት እንደማይቆይ ያውቁ ነበር። ስለዚህ 32 ሜጋባይት ጊዜያዊ ማኅደር ጨመሩ። ሃርድ ዲስኩ ይነሳል፣ ወደ 20 ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ አንብቦ ወደዚያ ማኅደር ይገለብጣል፣ ከዚያ ቆሞ ያርፋል። ዘፈኑ የሚጫወተው ከማኅደሩ ነው። መሣሪያውን ጆሮ ላይ አስጠግቶ ለሚያዳምጥ፣ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በየመካከሉ ዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሃርድ ዲስኩ ሊያነብ ሲነሳ ነው። ግሩም ብልሃት ነው፤ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ኪስ ገብ መሣሪያዎች ውስጥ እንዲህ ጉልበት የሚቆጥብ ሐሳብ ብዙ አላየሁም።

ነገር ግን የቆመ ሞተር ለመነሳት ሲሽከረከር ከሚፈልገው የበለጠ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። አዲስ ባትሪ ይህን ሳይቸገር ይሰጣል። አንገቱ የጠበበው ባትሪ ግን ሲጠየቅ ቮልቱ በቅጽበት ይወርዳል። በምዕራፍ 2 እንዳየነው ተቃውሞ በበዛ ቁጥር የሚጠፋው ቮልትም ይበዛል። ቮልቱ ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን በታች ሲወርድ መሣሪያው ራሱን ይዘጋል። ጭነቱ ሲነሳለት ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ሲከፈት ግማሽ የሚያሳየው። ምልክቱ አልዋሸም። ቡናው ጀበናው ውስጥ አለ፤ የሚወርድበት አንገት ነው የጠበበው።

400 ዙር

የባትሪ ዕድሜ በዓመት ብቻ አይለካም፤ በዙርም ነው። አንድ ዙር ማለት ሙሉ መጠኑን አንድ ጊዜ መጠቀም ነው። ዛሬ ግማሹን ተጠቅሞ ቻርጅ ያደረገ፣ ነገም ግማሹን የተጠቀመ ሰው ሁለት ጊዜ ቻርጅ ቢያደርግም የቆጠረው አንድ ዙር ነው። አፕል የአይፖድ ባትሪ ከ400 ሙሉ ዙር በኋላ ከመጀመሪያ መጠኑ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ይገልጽ ነበር። የ10 ሰዓቱ ባትሪ 8 ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ሒሳቡን እናድርገው። በየቀኑ ሙሉ ባትሪ የሚጨርስ ሰው 400 ዙርን በ13 ወር ገደማ ይጨርሳል። በየሁለት ቀኑ አንዴ የሚጨርስ ከሁለት ዓመት በላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት እየከፋ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የያዘው መጠን ሲያንስ ባለቤቱ ቶሎ ቶሎ ቻርጅ ያደርጋል፣ ዙሩም በፍጥነት ይቆጠራል።

ከዙሩ ሌላ ባትሪን የሚያስረጁ ሦስት ነገሮች አሉ። ትልቁ ሙቀት ነው። ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያነቃው ያው ሐቅ እዚህ ይመጣል። ሙቀት ኬሚካዊ ለውጥን ያፈጥናል፤ የሽፋኑን መወፈርም እንዲሁ። ባትሪ ድንጋይ ተጥሎ የሚተካ ስለሆነ መጣደፉ አይጎዳንም፤ ተመላልሶ በሚሞላ ባትሪ ላይ ግን የሚጣደፈው እርጅናው ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ማጫወቻን ትቶ መሄድ፣ ወይም በወፍራም የቆዳ ማቀፊያ እንደተጠቀለለ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ያለ ጊዜው ያስረጀዋል።

ሁለተኛው ሁልጊዜ ጢም ብሎ ሞልቶ መቀመጡ ነው። የሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ላይ ይደርሳል፤ ከፍተኛ ቮልት ላይ ለብዙ ጊዜ ሲቆይ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሦስተኛው ተቃራኒው ነው፤ ፈጽሞ ባዶ አድርጎ መተው። ባዶ የሆነ ማጫወቻ መሳቢያ ውስጥ ወራት ሲቆይ ያለችውም ትንሽ ጉልበት በራሷ ትፈስሳለች፤ ባትሪው ከሚችለው በታች ከወረደ መከላከያ ሰርኪዩቱ ይዘጋዋል፣ አንዳንዴም ዳግመኛ አይነሳም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ማጫወቻ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

«ሳያልቅ ቻርጅ አታድርጉ» የሚለው የቆየ ምክር ደግሞ ከሊቲየም በፊት ከነበረው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የመጣ ነው። ለእርሱ እውነትነት ነበረው። ለሊቲየም ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ በመካከል በመካከል ቻርጅ ማድረግ ይሻለዋል።

የኒው ዮርክ ፖስተሮች

ይህ ሁሉ ተፈጥሮ ነው፤ ማንም የሚወቀስበት አይደለም። የሚያከራክረው ቀጥሎ የመጣው ነው። አይፖድ የባትሪ ክዳን አልነበረውም። ፊቱ ፕላስቲክ፣ ጀርባው እንደ መስታወት የሚያበራ ብረት፣ ሁለቱም ያለ ብሎን የተገጣጠሙ። ባትሪው ሲያረጅ ባለቤቱ ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ አፕል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብዙ ሰው የሚያውቀው ግልጽ መልስ አላዘጋጀም።

በ2003 የኒው ዮርክ ነዋሪዎቹ ወንድማማቾች ኬሲ ናይስታትና ቫን ናይስታት አንድ አጭር ፊልም ሠሩ። የኬሲ አይፖድ ባትሪ ከ18 ወር በኋላ ደክሞ ነበር፤ አዲስ መግዛት ይሻላል የሚል ምክር ተሰጠው። ወንድማማቾቹ ቀለምና ተቆርጦ የተዘጋጀ የፊደል ቅርጽ ይዘው በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ በተለጠፉት ደማቅ የአይፖድ ማስታወቂያዎች ላይ ባትሪው የሚቆየው 18 ወር ብቻ እንደሆነና እንደማይቀየር ጻፉባቸው፤ ይህንኑም ቀረጹት። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው። ቀደም ብለን ያደረግነውን ሒሳብ ካስታወስን 18 ወር የሚለው ቁጥር አያስገርምም፤ አዘውትሮ ለሚያዳምጥ ሰው ባትሪው የሚደክመው በዚያው አካባቢ ነው። አይቀየርም መባሉ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። ከአፕል ውጭ ያሉ ነጋዴዎች ያኔም ባትሪውን ከመክፈቻው ጋር ይሸጡ ነበር፤ ግን ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?

በዚያው ዓመት በኖቬምበር አፕል በ99 ዶላር ባትሪ የመቀየር አገልግሎት እንደጀመረ አስታወቀ። የጊዜው ርካሽ አይፖድ 299 ዶላር ነበር፤ ባትሪ ለመቀየር የዕቃውን ሲሶ መክፈል ማለት ነው። ተጠቃሚዎች በካሊፎርኒያ በጋራ የመሠረቱት ክስ በ2005 በስምምነት አለቀ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ትውልዶች የገዙና ባትሪያቸው የደከመባቸው ሰዎች የ50 ዶላር የመግዣ ኩፖን ወይም ቅያሪ የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ።

ለኩባንያው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ክዳኑ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚወጣ ባትሪ የራሱ ጠንካራ ቅርፊት፣ መገናኛ ብረትና የሚከፈት ክዳን ይፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ ቦታ ይወስዳሉ። ታሽጎ የሚቀመጥ ባትሪ በስስ ልባስ ብቻ ተጠቅልሎ ያንኑ ቦታ ለራሱ ይጠቀምበታል። ቢሆንም በ2004 የወጣው የክሪኤቲቭ ዜን ማይክሮ ከመዳፍ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ባትሪው በጣት ተከፍቶ የሚወጣ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የምርጫ እንጂ የአለመቻል አልነበረም። እኔ ምርጫው የተሳሳተ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፦ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ለማትረፍ ሲባል ዐሥር ዓመት ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ ሁለት ዓመት ከሚያገለግል ክፍል ጋር ታሰረ።

ሲከፈት

በ2005 የወጣውን አምስተኛውን ትውልድ አይፖድ እንውሰድ፤ ዛሬም በብዙ ሰው እጅ አለና። የሚከፈተው በቀጭን የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ነው፤ የጊታር መምቻም ይሆናል። ብረት መጠቀም ጠርዙን ያበላሻል። መፈልቀቂያው በፊቱና በጀርባው መጋጠሚያ ላይ ገብቶ በዙሪያው ሲሄድ ውስጥ ያሉት ጥርሶች አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ እያሉ ይለቃሉ።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። ጀርባው ሲለቅ በችኮላ መሳብ አይገባም። ባትሪው ከጀርባው ብረት ጋር ተጣብቋል፤ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳም እዚያው ጀርባ ላይ ነው፤ ሁለቱም በስስ ጥብጣብ ሽቦ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተገናኝተዋል። በትንሹ ከፍቶ መጀመሪያ የባትሪውን ጥብጣብ የያዘችውን ትንሽ ቡናማ መቆለፊያ ወደ ላይ ማንሳት፣ ጥብጣቡን ማውጣት፣ ከዚያ ጀርባውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን መዘርጋት ነው። አሮጌው ባትሪ ከተጣበቀበት በፕላስቲክ ቀስ እየተባለ ይነሳል። አይታጠፍም፣ አይወጋም።

በቀደሙት ሞዴሎች ባትሪ ላይ ሁለት ሳይሆን ሦስት ሽቦ ማየት አዲስ ሰውን ግራ ያጋባል። ሁለቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ናቸው። ሦስተኛው የሙቀት ወሬ ነጋሪ ነው፤ ባትሪው ሲግል ቻርጁን ለማቆም ያገለግላል። አንዳንዱ ጠጋኝ ይህን ሽቦ ሳያገናኝ ይተወዋል፤ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ አይቀበሉ። አይፖድ ናኖ ላይ ደግሞ ባትሪው በመሰኪያ ሳይሆን በሰሌዳው ላይ ተበይዶ የተያዘ ስለሆነ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። በኖቬምበር 2011 አፕል ራሱ ከሴፕቴምበር 2005 እስከ ዲሴምበር 2006 የተሸጡት የመጀመሪያ ትውልድ ናኖዎች ባትሪያቸው ከመጠን በላይ ሊግል እንደሚችል ገልጾ ያለ ክፍያ እንደሚተካቸው አስታውቆ ነበር።

ሲከፈት ባትሪው አብጦ ከተገኘ፣ ወይም ገና ሳይከፈት የመሣሪያው ጀርባ ተነፍቶ ከታየ፣ ውስጡ ፈሳሹ ተበላሽቶ ጋዝ ፈጥሯል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይደረግም። ጋዙን ለማስተንፈስ መርፌ መውጋት እሳት ያስነሳል። ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣልም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ይሰጥ።

ቅያሪ ባትሪ ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። ባትሪ ሳይሠራበትም ያረጃል ብለናል፤ ስለዚህ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ «አዲስ» ባትሪ አዲስ አይደለም። የተመረተበትን ጊዜ ይጠይቁ። ሁለተኛው በላዩ የተጻፈው ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፤ ይህ ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው። ከኦርጅናሉ ጋር እኩል ግዝፈት ኖሮት እጥፍ እይዛለሁ የሚል ባትሪ አይመኑ፤ የሊቲየሙ መጠን በቦታው ይወሰናልና።

አሮጌ አይፖድ የሚያድሱ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያደርጋሉ፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥተው በሜሞሪ ካርድ ይተኩታል። ካርድ ሞተር የለውም፤ ቅድም ያየነው ድንገተኛ የጉልበት ጥያቄ ይቀራል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሃርድ ዲስኩ ይዞት የነበረው ቦታ ስለሚተርፍም ወፈር ያለ ባትሪ መግጠም ይቻላል። አፕል በሜይ 2022 የመጨረሻውን አይፖድ ማምረት ማቆሙን ቢያስታውቅም፣ በዚህ መንገድ የታደሱ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ሕጉ ሲደርስ

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ሕግ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ ላይ የሚቀርቡ ዕቃዎች ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎች፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ በራሱ በተጠቃሚው ወጥተው ሊተኩ የሚችሉ እንዲሆኑ ያዝዛል። የሚያስፈልገው መሣሪያም በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ መሆን አለበት። ለአውሮፓ የተሠራ ዕቃ ሌላም ቦታ ይሸጣልና ለውጡ እዚያ ብቻ አይቀርም ብዬ እጠብቃለሁ።

እስከዚያው ማጫወቻም ሆነ ድምፅ ማጉያ፣ ስልክም ሆነ የጆሮ ማዳመጫ ሲገዙ ስንት ዘፈን እንደሚይዝና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ብቻ አይጠይቁ። ባትሪው እንዴት እንደሚከፈት፣ ቅያሪው የት እንደሚገኝና ስንት እንደሚያስከፍል ሻጩን ይጠይቁ። መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።